ጁምዓ ለብቻው አይሸጥም

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆንኩት ከስብሰባ ቀርቼ ነው። ካርቱም በነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነበረ፤ ያልተጻፈ ስለነበር ከተጻፉት ሁሉ በላይ ይከበራል። ማንም የማይፈልገው ሥራ ሲመጣ የሚመረጠው ያልመጣ ሰው ነው። ያን ዕለት እኔ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ባለችው ሱቄ የልጆች ልብስ ስሰቅል ውዬ ነበር። ሊቀመንበሩ ከስብሰባው እንደወጡ ሱቄ ድረስ መጥተው «እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ በሙሉ ድምፅ አልፈሻል» አሉኝ። እሳቸው እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉት ደስ የማይል ነገር ሲኖር ብቻ ስለሆነ ወዲያው ደነገጥኩ። ነገሩ መጽሐፍ መሆኑን ስሰማ ደግሞ ባሰብኝ። ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት መጽሐፍ ቢኖር የትምህርት ቤት ነው፤ እሱንም አስተማሪው አርጩሜ ይዞ ስለቆመብኝ።

የማወራው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ነው፤ ትልቁ ጭንቀታችን የመብራት መጥፋትና የዳቦ ሰልፍ ስለነበረበት ጊዜ። ቤተ መጻሕፍት የምንላት በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከሱቄ ብዙም አትርቅም። መጻሕፍቱ ሀገር ቤት የሚመለስ ሰው ሻንጣው ሲከብደው ጥሎልን የሄዳቸው ናቸው። የትራክተር ጥገና መመሪያ ነበረን፣ መጀመሪያው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነበረን፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የሠርግ ፎቶ አልበምም ነበረን። ከሁሉም ብዙ የታየው አልበሙ ነው።

ወጣቶቹ ግን «አሁን መጽሐፍ የሚነበበው በስልክ ነው» ብለው ተነሡ። ውጭ አገር ያለ አንድ ኩባንያ ተቆጥሮ የማያልቅ መጽሐፍ በኢንተርኔት ያስነብባል። ማኅበሩ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ አባሉ ሁሉ በግቢያችን ኢንተርኔት በየስልኩ ገብቶ ያነባል። የኔ ሥራ ተደራድሮ መግዛት ነበር። ሊቀመንበሩ «አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ አትሞኚም» አሉኝ።

ነገሩን ከሁሉ አጥብቃ የያዘችው ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ባለ አንድ ቪላ ውስጥ እየኖረች የምትሠራ የወሎ ልጅ ነበረች። ሀገር ቤት ነርስነት ስትማር አቋርጣ ነው የመጣችው። ካርቱም ያለ አንድ ኮሌጅ የመግቢያውን ፈተና ካለፍሽ እንቀበልሻለን ብሏታል። ለፈተናው የሚያስፈልጉት መጻሕፍት በገበያ ዋጋቸው አይቀመስም፤ ኩባንያው ዘንድ ግን ሁሉም አሉ። ለሌሎቻችን የይለፍ ቃሉ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ለሷ ግን ከሰው ቤት የምትወጣበት ብቸኛው መንገድ ነው፣ ይህንንም ግቢው በሙሉ ያውቃል።

የኩባንያው ወኪል ቢሮ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ፣ ከሻንጣ ሻጮች በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። ወኪሉ ሻይ ሳያዝ ዋጋ የማይናገር ረጋ ያለ ሱዳናዊ ነው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለን» አለኝ። «አንዱ በሰው ብዛት ነው። ሌላው ባንድ ጊዜ በሚገባው ሰው ብዛት ነው።»

በሰው ብዛት የሚለውን ገና ሳይጨርስ ተውኩት። የኛ ሰው መቆጠር አይወድም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ፖሊስ በር ሲያንኳኳ፣ ዘጠኝ ሆኖ የሚኖርበትን ቤት «ሁለት ነን» ማለት ለምዷል፤ ለመጽሐፍ ብሎ አሁን ዘጠኝ ነን አይልም። ሁለተኛውን አስረዳኝ አልኩት።

«አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ይገባል» ብሎ በጣቶቹ አሳየኝ። «ስድስተኛው አንዱ እስኪወጣ ይጠብቃል። ጠይብ?»

ጠይብ ነው እንጂ። ካርቱም በየመንገዱ ዳር ለአላፊ አግዳሚ ውሃ የሚቀመጥበት የሸክላ ዚር አለ። አንዲት ጣሳ ታስራበት ሰፈሩ ሁሉ በተራ ይጠጣል። ጣሳ አነሰን ብሎ የተጣላ ሰው አላየሁም። አምስት ጣሳ ለኛ ይበዛል እንጂ አያንስም አልኩ በልቤ።

ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ሳቅሁበት። በኛ ንግድ ገዢ ሲስቅ ሻጭ ይቀንሳል። እሱ ሻዩን ጠጣ። ግማሹን ልስጥህ አልኩት። «ዋጋውን የምወስነው እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው» አለኝ። እንግዲያው ሲስተሙን ጥራልኝ አልኩት። አልጠራልኝም። የቀረኝ አንድ ዘዴ ነበር፤ ቦርሳዬን አንሥቼ «ኸላስ፣ ማዓ ሰላማ» ብዬ ወጣሁ። ገዢ ሲወጣ ሻጭ ተከትሎ ይጠራዋል፣ ይህ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወረድኩ። መሀል ላይ ቆሜ ጫማዬን አስተካከልኩ። ታች ስደርስ የማልገዛውን ሻንጣ ዋጋ እየጠየቅሁ ጆሮዬን ወደ ላይ አቆምኩ። ማንም አልጠራኝም። ሻንጣ ሻጩ በዚህ መሀል ሦስት ጊዜ ዋጋ ቀነሰልኝ።

ደረጃውን መልሼ ወጣሁና «ጃንጥላዬን ረስቼ» አልኩት። ካርቱም በዚያ ወር ዝናብ የሚባል ነገር አይታወቅም። ወኪሉ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ጃንጥላዬን አብሮኝ ፈለገ፣ ወንበር ሥር ሳይቀር አየልኝ። ከዚያ ሁለተኛ ሻይ አዘዘልኝና ሲስተሙ ባለው ዋጋ ፈረምኩ። ለኮሚቴው ስለ ድርድሩ ሳወራ ደረጃውን አላነሣሁም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልተፈጠረም። የይለፍ ቃሉን ለሁሉም አደልን፣ ቅዳሜ ማንም አልገባም፣ እሑድም ሰኞም እንዲሁ። አምስቱ ቦታ ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን ከረመ። ከዚያ ዓርብ መጣ።

የኛ ሰው ካርቱም ውስጥ የሚያርፈው ዓርብ ነው። ቪላ ውስጥ የምትሠራዋም፣ ግንባታ ላይ የሚውለውም፣ መጋዘን የሚጠብቀውም በጁምዓ ነው የሚለቀቀው። ይህን እንዳላውቅ አይደለም፤ ሱቄ በሳምንት ከምትሸጠው ግማሹን የምትሸጠው በዚያች ቀን ነው። አምስት ሲሉኝ ግን ሳምንቱን ሙሉ በተራ ገብተው በተራ የሚወጡ ጨዋ ሰዎች ታዩኝ። ዚሩ ዘንድ ሰው የሚመጣው በጠማው ሰዓት ነው፣ ጥማቱም ለየብቻው ነው። እኛ ግን ሁላችንም አንድ ቀን ነው የሚጠማን።

ግቢው ከጠዋቱ ጀምሮ ሞላ። ሁሉም ስልኩን ይዞ ይነካካል፣ ስልኩም ለሁሉም አንድ መልስ ይሰጣል፤ ቦታ የለም፣ ቆይተው ይሞክሩ። ይሞክራሉ። ሊቀመንበሩ አንዱን ቦታ በማለዳ ይዘው ስለ ደም ግፊት ያነባሉ፤ ገጽ በገለጡ ቁጥር አዲስ በሽታ ስለሚያገኙ ይወጣሉ ተብሎ ተስፋ አይደረግም። አንድ ሌላ ሰው ስለ ዶሮ እርባታ ያነባል። እስላሞቹ ወንዶች ለሶላት ወደ መስጊድ ሲሄዱ ክርስቲያኖቹ ተሻምተው ይገባሉ፤ እነዚያ ሰግደው ሲመለሱ አንወጣም ይላሉ። ሁለት ሃይማኖት በሰላም አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሮ፣ ሊጣላ የነበረው በመጽሐፍ ነው።

የሪያዷ ልጅ በሃፍላ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትመጣለች። ተራ ደርሷት ገብታ ስለ ደም ዝውውር ግማሽ ገጽ ሳታነብ መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱም ተከትሎ ይሄዳል፤ ሲመለስ ቦታዋን ባለ ዶሮው ይዞታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቪላው መድረስ ስላለባት ተነሥታ ትሄዳለች። አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ ነኝ በሷ ፈንታ የምጮኸው። «ተይው እትዬ፣ የሳምንት ሰው ይበለን» ብላኝ ትወጣለች። አንጀቴን ትበላዋለች።

ዓመቱ ሲያልቅ ወኪሉ ጠራኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረ፣ ሻዩም ከነስኳሩ ቀድሞኝ ቀርቧል።

«ማሻአላህ» አለኝ። «ተፈላጊነታችሁ በጣም ከፍ ብሏል። ሞክሮ ቦታ አጥቶ የተመለሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ኩባንያው የሃያ ሰው ጥቅል እንድትወስዱ ይመክራል። ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይከፍላል፣ ፍትሐዊ ዋጋ ነው።»

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ግቢያችን ተቀምጦ ስልኩን የነካካ ሰው፣ እያንዳንዱ ንክኪ ሲቆጠርለት ኖሯል። «እኔ ሱቄን ዘግቼ ብሄድ በሩን አንኳኩቶ ለተመለሰ ሰው ዋጋ አልጨምርም» አልኩት። «እኛ መች ተጠቀምን? አንኳኳን እንጂ።»

ወኪሉ ሳቀ። ሪፖርቱን ወደኔ አዞረልኝ። ስድስት ቀን ባዶ፣ አንድ ቀን የሚፈስ። ሲስተሙ እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።

«እንግዲያው ጁምዓን ለብቻው ሽጡልን» አልኩት። «ሰባተኛውን እጅ እንክፈል፣ ሌላውን ቀን ለፈለጋችሁት ሽጡት።»

ሐሳቡን በጣም ወደደው፤ ለኩባንያውም ጻፈልኝ። ከአንድ ሰሞን በኋላ መልሱ መጣ። ጁምዓ ለብቻው አይሸጥም። ነገር ግን በሌሎቹ ቀናትም ንባብ ከታየ፣ አንድ ቀንም ቢሆን፣ ማኅበሩ በአምስት ሰውና በዱሮው ዋጋ መቀጠል ይችላል። ካልታየ ሃያውን መግዛት ነው፣ ወይም መተው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። በዚህኛው አልቀረሁም፣ ሌላ ሥራ እንዳይጨምሩብኝ ፈርቼ። ሃያውን ለመግዛት መዋጮ ያስፈልጋል፣ መዋጮው እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። አንደኛው በቤተሰብ አለ፣ ሌላው በነፍስ ወከፍ አለ። ብርድ ልብስ የሚነግዱ አንድ አዛውንት ደግሞ «እኔ አላነብም፣ ምን ቤት ነኝ የምከፍለው?» አሉ።

«ዕድርም ይከፍላሉ እኮ» አልኳቸው፤ «እስካሁን ግን አልሞቱም።»

«መሞቴማ አይቀርም» አሉ አዛውንቱ። «ማንበቤ ግን የማይመስል ነገር ነው።»

እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ አንዱ ብልህ ነኝ ባይ «ያነበበ ብቻ ይክፈል» አለ። ያኔ ማን ነው አንባቢው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዓርብ ዓርብ ስልኩን ይዞ ሲጋፋ የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ካደ። ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ «እኔ አልፎ አልፎ ዓይኔን ጣል አደርጋለሁ እንጂ» አሉ። ሃያው ቀረ። በሌላ ቀን የሚያነብ ሰው ካልተገኘ አምስቱም ይቀራል።

እኔው ከፍቼ ላስቀምጠው ብዬ ወኪሉን ጠይቄው ነበር። አይሆንም አለኝ፤ ገጽ ካልተገለጠ ሲስተሙ ሰውን ያስወጣል፣ የምር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ራሴን አየሁና የዚያ ዓይነት ሰው አለመሆኔን አመንኩ።

ዓርብ ግቢው ሲሞላ ወንበር ላይ ወጥቼ ተናገርኩ። የዕረፍት ቀኑን መለወጥ የሚችል ሰው አለ ወይ አልኩ። ሁሉም የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። አልፈረድኩባቸውም። ጁምዓ ማለት ከሀገር የመጣ ሰው የሚታይበት፣ ፀጉር የሚሠራበት፣ ሂና የሚቀባበት፣ በሰው ቤት ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያለ አፍ በቋንቋው የሚለቀቅበት ቀን ነው። ማክሰኞ ዕረፍት ማለት ብቻን መቀመጥ ነው። ይህን ስጡኝ ብዬ የጠየቅሁት ለመጽሐፍ ነበር፣ እኔ ራሴ ለማላነበው።

«እኔ ማክሰኞ እንድታሳርፈኝ ማዳምን እጠይቃታለሁ» አለች የሪያዷ ልጅ ከኋላ።

በሳምንቱ ማዳሟ ምን እንዳለች ጠየቅኋት። «ደስ አላት እትዬ» አለችኝ። «‹ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ልጠይቅሽ ፈልጌ አፍሬ ነው› አለችኝ፤ ወላሂ።»

ደስ ይላታላ። ጁምዓ በቪላው ዘመድ አዝማድ ከነልጁ የሚሰበሰብበት፣ ትልልቁ ሰሐን የሚወጣበት ቀን ነው። በዚያ ቀን እስከዚያ ድረስ ሰሐኑን ስታጥብ የኖረችው ማዳሟ ራሷ ነበረች። በዚህ ስምምነት ማን እንዳተረፈ ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ኩባንያው ዋጋውን አልጨመረም፣ ማኅበሩ አምስቱን ቦታ ይዞ ቀረ፣ ማዳሟ ከሰሐን አረፈች፤ ጁምዓዋን የከፈለችው ያች ልጅ ብቻ ናት። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ «ስልታችን ሠርቷል» ብለው አስጨበጨቡ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ክፍሉን እከፍትላታለሁ። አምስቱም ቦታ የሷ ነው፣ የሚጋፋት የለም። መጀመሪያ ቀን ስትገባ ግን ስልኳን ሳታወጣ «እሺ፣ ጁምዓ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ደህና ነበር» አልኳት።

«ደህና ማለት ምንድን ነው እትዬ? ማን መጣ? ምን ለበሱ? በደንብ ንገሪኝ እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ ዓርብን በጥንቃቄ መያዝ ጀመርኩ። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ወንድም ድንበር አቋርጦ እንደደረሰ፣ የባለ ሦስት ጎማው ራክሻ ነጂ ለየትኛዋ ልጅ ሒሳብ አልቀበልም እንዳለ፣ ሁሉንም ለማክሰኞ አስቀምጥላታለሁ። ሰው ሲያወራ ጠጋ እያልኩ ስለምሰማ ወሬኛ የሚል ስም ወጣልኝ። አንድ ማክሰኞ የሀገሯ ልጅ፣ አብረው ከወሎ የተነሡት፣ ሂና ተቀብታ ስትዳር እንዴት እንደነበረች ነገርኳት። ሙሽራው ከደስታው ብዛት የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ መሄዱንም ጨመርኩላት። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠራርጋ ስለ ኩላሊት ማንበብ ጀመረች። እኔ ሲስተሙንም ወኪሉንም ማዳሟንም በየተራ ረገምኩ፤ በኋላም ሌሎቻችንን፣ የጫማችንን ጫፍ ስናይ የነበርነውን።

ፈተናውን አለፈች። መጀመሪያ ያደረገችው ማዳሟን ጁምዓዋን እንድትመልስላት መጠየቅ ነው። ማዳሟ በጣም አዘነች፤ እንግዶቹ ለምደዋል አለች። ልጅቷ ከቪላው ወጥታ ከሁለት የኮሌጅ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየች፣ ከትምህርት በኋላ በሰዓት እየተከፈላት ቤት ማጽዳት ያዘች።

በመጀመሪያው ዓርብ ከሁሉም ቀድማ ግቢ ደረሰች። እንደ ሙሽራ ነው የከበቧት። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አንዷ ፀጉሯን ትሠራታለች፣ ሁለቱ ባንዴ ያወሯታል፣ እሷ ለሁለቱም ትመልሳለች። ክፍሉን ስቃኝ ሊቀመንበሩ እንደ ተአምር ወጥተው አንድ ቦታ ተለቋል። ቶሎ በይ ግቢ አልኳት።

«ዛሬስ አላነብም እትዬ» አለችኝ። «ዛሬ ጁምዓ ነው።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወኪሉ ደወለ። «ያ ኡኽቲ፣ የማክሰኞዋ አንባቢያችሁ ጠፋች» አለኝ። «እንዲህ ከቀጠለ ሲስተሙ ወደ ሃያው ይመልሳችኋል።»

«አልጠፋችም» አልኩት። «ጁምዓዋን አስመልሳ ነው።»

«ጥሩ አደረገች» አለኝ። «ግን ለዚህ በሪፖርቱ ላይ ቦታ የለም።»

ማክሰኞ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ክፍሉን ከፈትኩ። እሷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። ኩላሊቱን ሞክሬው ነበር፣ ጎኔን ሲያመኝ ተውኩት። በመጨረሻ ባለ ዶሮው የሚያነበውን መጽሐፍ ከፈትኩ፤ ሲስተሙ እንዳያስወጣኝ ገጽ መግለጥ ነበረብኝ፣ ከገለጥኩ አይቀር አነበብኩት።

ዓርብ ስትመጣ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። «እሺ እትዬ፣ ማክሰኞ ምን አነበብሽ?» አለችኝ።

«ስለ ዶሮ ፈንግል» አልኳት።

«በደንብ ንገሪኝ እንጂ።»

ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ነገርኳት።